ፊሽካ የያዘው ሰውዬ ቲኬትም ሲሸጥ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የቤት ኪራይ፣ የካርታና የውርስ ጥያቄ ነው፣ በዚህ ሰሞን ግን ምን እንደነካችሁ እንጃ ከከተማው ዳር ዳር ካሉት ሰፈሮች የደረሱኝ ደብዳቤዎች በሙሉ ስፖርትና ሕግ ናቸው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ነው መሰለኝ። አራቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም እኔም በልጅነቴ የክረምት ውድድር ያሳደገኝ ሰው ነኝ፣ አንድ ክረምት እንደውም በሌላ ልጅ ስም ነው የተጫወትኩት።

«ጋሼ እንደምን ነዎት። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለን ልጆች ነን፣ በየክረምቱ የሰፈር ውድድር እናዘጋጃለን፣ አምና 16 ቡድን ተመዝግቦ ነበር። ቡድኖቹ መመዝገቢያ ይከፍላሉ፣ ሥጋ ቤቱና ሁለት ሱቆች ማሊያ ያሠሩልናል፣ አንደኛ የወጣው ሰንጋ ይወስዳል። ዘንድሮ ግን ኳስን የሚመለከት አንድ አካል (ስሙን አይጻፉብን) ጠርቶን ያለኔ ፈቃድ ውድድር የለም፣ ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ያለው ልጅ እናንተ ጋ ከተጫወተ ሁለት ዓመት ይታገዳል አለን። እሺ ፈቃዱን ስጡን ስንል መስፈርቱ ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም፣ ነገ ኑ ብቻ። በኋላ ስንሰማ በዛው ወር በዛው ሜዳ እነሱ ራሳቸው ውድድር ሊያዘጋጁ ነው፣ ሥጋ ቤቱንም አናግረውታል። አንድ ጓደኛችን ደግሞ ሱፐር ሊግ ላይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፊፋና ዩኤፋን አጥፍታችኋል ብሏል አለን። ያ ለኛ ይሠራል ወይ?»

ልጆች፣ «ሥጋ ቤቱንም አናግረውታል» የምትለዋ ጋ ስደርስ መነጽሬን አስተካክዬ ደግሜ አነበብኩ። ሌላው ተራ የቢሮ ጣጣ ነው፣ ሁላችንም የለመድነው። እቺ ግን ጉዳዩን የንግድ ውድድር ሕግ ጉዳይ ታደርገዋለች። አንድ አካል ሥራው ሜዳው ደህና ነው ወይ፣ ዳኛው የሠለጠነ ነው ወይ፣ ልጅ ቢሰበር የሚያነሳው አለ ወይ የሚለውን ማየት ብቻ ቢሆን ማንም አይናገረውም። እናንተ የምትለምኑትን ስፖንሰር እሱም የሚለምን፣ እናንተ የምትሰበስቡትን መመዝገቢያ እሱም የሚሰበስብ ከሆነ ግን ተፎካካሪያችሁ ሆኗል ማለት ነው፣ እና አሁን የተባላችሁት ተፎካካሪያችሁ ካልፈቀደ ሱቅ አትከፍቱም ነው። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ሰውዬ ጎረቤቱ ጨርቅ ይሽጥ አይሽጥ የሚለውን እሱ ይወስን ቢባል ማን ዝም ይላል?

ይሄው ነገር ግሪክ አገር ደርሷል። ሞቶኢ የሚባል ትርፍ የማይሠራ የሞተር ሳይክል ማህበር ውድድር ላዘጋጅ ብሎ አመለከተ፣ የግሪክ ሕግ ደግሞ የሞተር ውድድር ለመፍቀድ ኤልፓ የሚባለው ክለብ መጀመሪያ መስማማት አለበት ይላል፣ ኤልፓ ደግሞ ራሱ ውድድር ያዘጋጃል፣ ስፖንሰር ይዋዋላል። ፈቃዱ ሳይመጣ ቀረ። ማህበሩ ከሰሰ፣ ነገሩ እየተንከባለለ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰና በ2008 (በፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በታችም የፈረንጅ ጉዳይ ሳወራ እንደዛው ቁጠሩልኝ) ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ ራሱ ገበያው ውስጥ ላለ አካል ሌላውን የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ያለ ምንም ገደብና ያለ ምንም ቁጥጥር መስጠት አይቻልም አለ። ኤልፓ ትርፍ አልሠራም ማለቱም አላዳነውም፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ የሚያየው የምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ሰውዬው የሚሠራውን ነው።

እናንተን የበለጠ የሚመስለው ግን የበረዶ ሸርተቴው ነው። ሁለት የሆላንድ ሯጮች፣ ማርክ ታውተርትና ኒልስ ከርስቶልት፣ አንድ የኮሪያ ኩባንያ ዱባይ ላይ ሊያዘጋጀው ባሰበው ውድድር ላይ እንዳይካፈሉ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማህበር ዕድሜ ልክ እስከ ማገድ የሚደርስ ደንብ ይዞ አስፈራራቸው። አስቡት፣ የስኬቲንግ ሯጭ ሁለት ሦስት ኦሊምፒክ ቢያይ ነው፣ እሱን ዕድሜ ልክ አግድሃለሁ ካልከው ማን ደፍሮ ይሄዳል፣ እና በአንድ ዛቻ የሌላው ሰውዬ ውድድር ሯጭ አጥቶ ሳይወለድ ይሞታል። የቱሉ ዲምቱውም የሁለት ዓመት እገዳ የሚሠራው እንደዚሁ ነው፣ እናንተን በቀጥታ ማንም አልነካችሁም፣ የነኩት ልጆቹን ነው፣ ልጅ ሲፈራ ቡድን ይፈርሳል። ሁለቱ ሯጮች 2014 ላይ ለአውሮፓ ኮሚሽን (የኅብረቱን የውድድር ሕግ የሚያስከብረው አካል ነው) አቤት አሉ፣ ኮሚሽኑ በ2017 ፈረደላቸው፣ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደግሞ ታኅሣሥ 21 ቀን 2023 (እሱም በፈረንጅ ዲሴምበር ነው) አጸናላቸው። ዘጠኝ ዓመት ተኩል። ይሄን የምለው እንዳትፈሩ ሳይሆን ሰንጋውን ከወዲሁ እንዳትገዙ ነው።

ጓደኛችሁ ያወራው ሱፐር ሊግም የተፈረደው በዚያው ቀን ነው። ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። በሚያዝያ 2021 12 ክለቦች የራሳችንን ሊግ እናቋቁማለን ሲሉ ፊፋና ዩኤፋ እናግዳለን አሉ፣ ደጋፊው ለንደን ላይ መንገድ ዘጋ፣ በሁለት በሦስት ቀን ፕሮጀክቱ ፈረሰ፣ ክሱ ግን ቀጠለ። ፍርድ ቤቱ ሱፐር ሊግ ይቋቋም አላለም፣ ደጋግሞ ነው የተናገረው። ያለው፣ ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ጥፋቱ ፈቃዱ የሚሰጥበት መስፈርት አስቀድሞ ያልተጻፈ፣ ግልጽ ያልሆነ፣ ለሁሉም እኩል የማይሠራ፣ ቅጣቱም እንደ ባለሥልጣኑ ሙድ የሚወጣና የሚወርድ ሲሆን ነው። እናንተ ደብዳቤ ላይ «መስፈርቱ ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም» የሚለውን አረፍተ ነገር ስትጽፉ ሳታውቁት የሉክሰምበርግ ዳኞች የጻፉትን ነው የጻፋችሁት።

እሺ እዚህስ? የአውሮፓ ፍርድ እኛን አያስገድድም፣ ዳኛ ፊት ብታቀርቡት እንደ ጥሩ ምክር ነው የሚታየው። የራሳችን ግን አለን፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይሄኛው በኛ ነው)፣ አንቀጽ 5 የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ይከለክላል። ሥራውን ይሠራ የነበረው ባለሥልጣን ፈርሶ በ2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል፣ ስለዚህ አቤቱታ ካለ የሚሄደው ወደዛ ነው። ክርክሩ የት ላይ ይነሳል መሰላችሁ፣ አዋጁ የሚያወራው ስለ ነጋዴ ነው፣ እነሱም እኛ ማህበር ነን፣ ነጋዴ አይደለንም ይሏችኋል። የኔ አቋም መመዝገቢያ የሰበሰበና ስፖንሰር የተዋዋለ ሰው ለዛች ሥራው ነጋዴ ነው የሚል ነው፣ አዋጁም ራሱ የንግድ እንቅስቃሴን ነው የሚገዛው። ግን በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበላ ጠበቃ ሁሉ ከኔ ጋር ይስማማል ብዬ አልዋሻችሁም።

ሚኒስቴር ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ወረቀት ጻፉ። በቃል አትመላለሱ። ውድድሩ መቼ፣ የት፣ ስንት ቡድን፣ ለጉዳት ምን እንዳዘጋጃችሁ ጻፉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የፈቃድ መስፈርታችሁን በጽሑፍ ስጡን፣ በስንት ቀን ትመልሳላችሁ፣ ከከለከላችሁ ለማን ነው ይግባኝ የምንለው። መዝገብ ቤት አስገቡና ኮፒው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማህተም አስደርጉ፣ ያቺ ኮፒ ከእናንተ አትለይ። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ዛቻ በቃል ሲሆን ጉልበት አለው፣ ጻፉልን ሲባል ግን የሚጽፈው ሰው ይጠፋል።

እነሱም ልክ የሚሆኑበት እንዳለ ደግሞ እወቁ። ክለብ ደሞዝ የሚከፍለው ልጅ ውል አለው፣ አሠሪው ጭቃ ላይ ጉልበትህን እንዳትሰብርብኝ ቢለው የውል ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ጋር አታምታቱት። ሜዳውም የወረዳው ነው፣ የሱ ፈቃድ ለብቻው ነው። ዕድሜ ማጭበርበርም አለ፣ 17 ዓመት በታች ብላችሁ ጺማም አታስገቡ (እኔ ያንን በሌላ ሰው ስም የተጫወትኩትን ክረምት ማንም እንዳያስታውስብኝ)።

«ለገጣፎ ኳስ ማሳያ ቤት አለኝ። የኛን ሊግ ጨምሮ ሁሉም ነገር አንድ ዲሽ ላይ ነው፣ ክፍያው ሲጨምር አማራጭ የለኝም። ይሄ ሞኖፖል አይደለም ወይ?»

ወንድሜ ብስጭትህ ይገባኛል ግን ብቸኛ መብት መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ሕጉ የሚጠይቀው እንዴት ተሸጠ፣ ለስንት ዓመት፣ ሌላው ለመጫረት ዕድል ነበረው ወይ ነው። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 የውድድር ዓመት ጀምሮ ለዲኤስቲቪ ለአምስት ዓመት ነው የተሸጠው፣ ከዛ በፊት ሊጉ በቴሌቪዥን እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አያገኝም ነበር፣ እና ገዢ ባይኖር ኖሮ አንተም የምታሳየው ነገር ባልኖረህ። እንግሊዝ ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን ገብቶ የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታዎች በሙሉ አንድ ገዢ እንዳይጠቀልላቸው አስደርጓል፣ ከ2007 ጀምሮ ስካይ የሚባለው ቴሌቪዥን ብቻውን መሆኑ ያኔ ነው የቀረው። የሚገርመው ግን ተመልካቹ ከአንድ ካርድ ወደ ሁለት ካርድ ገባ እንጂ ያን ያህል አልረከሰለትም።

ረጅም ውል ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለግክ የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራውን ካፍን እይ። የአፍሪካ ዋንጫንና ሌሎቹን ውድድሮች የቴሌቪዥንና የማርኬቲንግ መብት ላጋርዴር ለሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ለ12 ዓመት፣ እስከ 2028፣ በአንድ ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ሰጠ። የግብጽ የውድድር ባለሥልጣን ያለ ግልጽ ጨረታ ይሄን ያህል ዓመት ገበያውን ዘግታችኋል ብሎ ተነሳ፣ በ2018 የካይሮ የኢኮኖሚ ፍርድ ቤት ውሉ ሲፈረም የካፍ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ኢሳ ሃያቱንና ዋና ጸሐፊውን እያንዳንዳቸውን 500 ሚሊዮን የግብጽ ፓውንድ ቀጣ። በ2019 ካፍ ራሱ ውሉን አፈረሰው። ቢሮው ካይሮ ያለ ድርጅት በካይሮ ሕግ ሲያዝ ማየት ለኔ ደስ የሚል ነገር ነበረው።

በነገራችን ላይ በቤት ካርድ ነው የምታሳየው? እሱን ጥያቄ አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልመለስኩም።

«ከሰበታ ነው የምጽፈው፣ ተጫዋች ነበርኩ። በ2011 ክረምት ክለቦቹ ቢሾፍቱ ተሰብስበው የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር አይበልጥም ብለው ተስማሙ። ስኳር ነጋዴዎች ተሰብስበው ዋጋ ቢቆርጡ ይጠየቃሉ፣ እነዚህስ? መክሰስ ብንፈልግስ ፊፋ አገሪቷን ያግዳል የሚሉት እውነት ነው?»

የስኳሩ ምሳሌህ ቆንጆ ነው፣ ለክፍል አስተምርበታለሁ። ተፎካካሪዎች ቁጭ ብለው ዋጋ መወሰናቸው የትም አገር የውድድር ሕግ መጀመሪያ የሚይዘው ነገር ነው፣ የኛም አዋጅ አንቀጽ 7 ላይ አለው። ሸጪዎች ተስማምተው ሲያስወድዱ ሁላችንም እንጮሃለን፣ ገዢዎች ተስማምተው ሲያረክሱ ግን ማንም አይጮህም፣ እዚህ ጋ የሚገዛው የአንተ ጉልበት ነው። ክለቦቹም ክርክር አላቸው፣ አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው የሚኖረው፣ ደሞዙ ጣራ ከሌለው የመንገድና የውሃ ብር ወደ ኳስ ይሄዳል አሉ፣ ውሸት አይደለም። ግን ዓላማው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይታለፍም፣ በሌላ ቀለል ባለ መንገድ ማድረግ አይቻልም ነበር ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ለምሳሌ የእያንዳንዱን ተጫዋች ደሞዝ ከመቁረጥ ክለቡ ካለው ገቢ በላይ እንዳያወጣ ማድረግ። ጣራው ከወጣ በኋላ በጎን ይከፈላል ሲባል አንተም ሳትሰማ አትቀርም።

አሜሪካኖቹ ጣራ አላቸው አይደል የሚሉህ ሰዎች አሉ። አላቸው፣ ግን የኤንቢኤና የኤንኤፍኤል (የቅርጫት ኳስና የአሜሪካ ፉትቦል ሊጎቻቸው ናቸው) ጣራ ከተጫዋቾች ማህበር ጋር ጠረጴዛ ላይ ተከራክረው የተፈራረሙት ነው፣ ሕጉ የሚያልፈውም ለዛ ነው። ቢሾፍቱ ላይ የወሰኑት ግን አንተ እንደጻፍከው ክለቦቹ ናቸው፣ ልዩነቱ እሱ ጋ ነው። ማህበር በሌለበት፣ ማለት የኮሌጅ ስፖርት ላይ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ዘጠኝ ለዜሮ ለተማሪዎቹ ፈርዷል። ፈረንሳዊውን ተጫዋች ላሳና ዲያራንም አስታውስ፣ ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ውሉን አፍርሶ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ ክፈል ተባለ፣ የቤልጅየሙ ክለብ ቻርለሯ ሊያስፈርመው ፈልጎ እዳው ለኔም ይተርፋል ብሎ ፈራ፣ በጥቅምት 2024 የአውሮፓው ፍርድ ቤት እነዚያ የፊፋ የዝውውር ደንቦች የውድድር ሕግን ይጥሳሉ አለ። ፊፋም ከዛ በኋላ ደንቡን ማስተካከል ጀመረ።

እገዳውን በተመለከተ፣ ሰው የሚፈራው በምክንያት ነው፣ ሐምሌ 2000 ላይ (በኛ ነው) ፊፋ እውነትም አግዶናል፣ ከ2010ሩ (በፈረንጅ) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጥተናል፣ ያ ክረምት ምን ያህል እንደከፋን አስታውሳለሁ። ግን ያ የፌዴሬሽኑን አመራር ማን ይያዝ በሚል ጭቅጭቅ የመጣ እንጂ አንድ ተጫዋች ደሞዜ ብሎ ስለከሰሰ አልነበረም። የፊፋ ደንብ ክርክር ሁሉ በራሱ አካላትና ሎዛን ባለው የስፖርት ገላጋይ ፍርድ ቤት ይለቅ ይላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የፌዴሬሽኑን የውስጥ መንገድ ጨርስ፣ ያንን ዘለህ ብትሄድ መጀመሪያ የሚያነሱብህ መቃወሚያ እሱ ነው። ሎዛን ያለው የመጨረሻ ቃል ነው የሚባለውም እየላላ ነው፣ በነሐሴ 2025 አውሮፓ ላይ በአንድ የቤልጅየም ክለብ ጉዳይ የአገር ፍርድ ቤቶች የሎዛንን ውሳኔ መመርመር መቻል አለባቸው ተብሏል።

«ልጄ ሱሉልታ ሯጭ ናት። የዶፒንግ ሰዎች ሳይነግሩ በሌሊት ቤታችን ይመጣሉ፣ እንቅልፍ የለንም። ይሄን ሁሉ ሥልጣን ለእነሱ ብቻ ማን ሰጣቸው? ይሄም ሞኖፖል ነው ሲሉ ሰማሁ፣ መክሰስ ይቻላል? እናት ነኝ»

እናቴ፣ ሞከሩ እንጂ አልተሳካላቸውም። ሁለት ረጅም ርቀት ዋናተኞች፣ አንዱ የስፔን አንዱ የስሎቬኒያ፣ ናንድሮሎን የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶባቸው ታገዱና ደንቡ የውድድር ሕግ ይጥሳል ብለው እስከ ላይ ሄዱ። በ2006 የተፈረደው ፍርድ ለሌላው ሁሉ በር የከፈተ ነው፣ የስፖርት ደንብ ስለሆነ ብቻ ከውድድር ሕግ አያመልጥም ተባለ፣ ለራሳቸው ለዋናተኞቹ ግን ተፈረደባቸው፣ ምክንያቱም ዶፒንግ መከልከል ለንጹሕ ውድድር ያስፈልጋል፣ ቅጣቱም ከልክ ያለፈ ነው ብላችሁ አላሳያችሁም ነው ያላቸው። ስለዚህ በዚህ መንገድ አይደክሙ።

ልጅዎ የምርመራ ዝርዝር ውስጥ ካለች በየቀኑ የምትገኝበትን 60 ደቂቃ ራሷ ነች የምትሞላው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ብላ ሞልታ እንደሆነ ጠይቋት፣ ብዙዎቹ ልምምድ ከመውጣታቸው በፊት ይለቅልን ብለው እንደዛ ያደርጋሉ። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ትችላለች። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣች ግን ምንም ሳይገኝባት ያስቀጣታል፣ እና በሩን የሚከፍት ሰው መኖሩን ያረጋግጡ። ለዘበኛው ይንገሩት፣ ውሻውንም ያሳስሩት።